እቁቡ የደረሰው ሰው
የዕለት ኑሮን ለእግዚአብሔር ስለ መስጠት የቀረበ ጥናት

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት በቤተ ሰብ፥ በኅብረት ወይም በግል ሊጠና የሚችል ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ከአጠገባችሁ አድርጋችሁ የተጠቀሱትን ክፍሎች እየገለጣችሁ ብታነቡት ይበልጥ ትጠቀማላችሁ።

የተነሣንበት ጥያቄ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወልቂጤ የገባ፥ ወይም በሆሳዕና መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ቡታጅራ የወረደ እንግዳ የእግዚአብሔርን ስም ሳይሰማ አይውልም። ባለ ሱቁን "እንደምን አደሩ?" ቢለው "እግዚአብሔር ይመስገን" ይለዋል። ሙስሊሙ ጎረቤት "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ይመልሳል። ጥም ቆርጦ የጠጣ መንገደኛ ጣሳውን ሲመልስ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል። ይህም ማለት "ብድራትህን እኔ መክፈል አልችልምና ፈጣሪ ስለ እኔ ይክፈልህ" ማለት ነው። በዚህ አገር ፈጣሪን የማያነሣ ሰላምታም ምስጋናም የለም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ አፋችን መንፈሳዊ መሆኑ ግልጽ ነው። ጥያቄው እጃችንስ ወዴት ነው? የሚል ነው። የተራበ ሰው እጁን ሲዘረጋልን፥ ኪሳችንን ሳንነካ "እግዜር ይስጥህ" ብለን የምናልፍበት ቀን ብዙ ነው። ቃሉ በረከት ነው፤ ሥራው ግን ማሰናበቻ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ የወቀሰው ይህንኑ ነው። የታረዘና የዕለት ምግብ ያጣ ወንድም ወይም እኅት እያየን፥ ለሥጋው የሚያስፈልገውን ሳንሰጥ መልካም ቃል ብቻ ብናሰማው ምን ይረባዋል? ይላል (ያዕ. 2፥15-16)። ያዕቆብ የእኛን መንገድ ዳር ቆሞ ያየ ይመስላል።

ስለዚህ በዚህ ጥናት የምንመለከተው፥ እሑድ በጉባኤ የምንናገረው እምነት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በጓሮ፥ በገበያ፥ በቡና ሰዓትና በእርዳታ ሥራችን እንዴት እንደሚገኝ ነው።

1ኛ/ እቁቡ ቀድሞ የደረሰው ሰው

የጉራጌ ሕዝብ በንግድ ትጋቱና በእቁቡ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። የእቁብን ሥርዓት የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም፤ ሆኖም ለትምህርታችን ስለሚያስፈልግ እናስታውሰው። አባላቱ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ። ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የደረሰው ሰው የሁሉንም መዋጮ በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ግን ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ መክፈሉን ይቀጥላል። ለዚህም ዋስ ይጠራል።

እቁብ የሚፈተነው ዕጣው ባልደረሰው ሰው ዘንድ አይደለም፤ እርሱ ገና ተስፋ አለውና ይከፍላል። እቁብ የሚፈተነው ቀድሞ በደረሰው ሰው ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ ሱቁን ሞልቷል፤ ከእንግዲህ የሚጠብቀው ነገር የለም። እንዲህ ሆኖ ሳለ በቀጠሮው ቀን ብሩን ይዞ ከመጣ፥ ሰዎች "ይህ የታመነ ሰው ነው" ይሉታል። ክፍያውም የሚሄደው ዕጣ ገና ወዳልደረሳቸው ወንድሞችና እኅቶች ነው።

የክርስቲያን ኑሮ ይህን ይመስላል። በክርስቶስ ያመነ ሰው ትልቁ ዕጣ ደርሶታል። ይህም በጸጋ እንጂ በሥራው አይደለም፤ መልካሙ ሥራ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው (ኤፌ. 2፥8-10)። በእርግጥ ምሳሌው ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ በእቁብ ሰው የሚወስደው የራሱን ገንዘብ ነው፤ ጸጋን ግን አዋጥተን አላገኘነውም፥ ብንከፍልም ከፍለን አንጨርሰውም። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱን ባለ ዕዳ ብሎ ሲጠራ፥ ዕዳው ለማን እንደ ሆነ እናስተውል። ለግሪኮችና ላልተማሩት፥ ማለትም ለሰዎች ነው (ሮሜ 1፥14)። ከእግዚአብሔር የተቀበለውን ለሰው ይከፍላል። በዕለት ኑሯችን የምናደርገው መልካም ነገር ሁሉ መዳንን ለመግዛት የሚሰጥ መዋጮ ሳይሆን፥ ዕጣው የደረሰው ሰው በደስታ ይዞት የሚመጣው ክፍያ ነው።

2ኛ/ ከሊቀ ካህናቱ ግንባር እስከ ድስቱ

ሁለተኛው ልንረዳው የሚገባን ነገር የተቀደሰ ሥራ የትኛው ነው? የሚለው ነው። በዘጸአት 28፥36-38 ሊቀ ካህናቱ በግንባሩ ላይ የወርቅ ምልክት እንዲያደርግ ታዝዟል። በወርቁም ላይ እርሱ ለእግዚአብሔር የተለየ መሆኑን የሚናገር ጽሕፈት ተቀርጾበታል። ያንን የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ የሚያደርገውም በመቅደሱ አገልግሎት ነበረ።

ነቢዩ ዘካርያስ ግን በመጽሐፉ ማብቂያ ላይ የሚያስደንቅ ቀን አየ። ያ ጽሕፈት በፈረስ ቃጭል ላይ ተጽፎ ይገኛል። በኢየሩሳሌምና በይሁዳ ያለ ድስት ሁሉ እንደ መሠዊያው ዕቃ የተቀደሰ ይሆናል (ዘካ. 14፥20-21)። የወርቁ ጽሕፈት ከሊቀ ካህናቱ ግንባር ወርዶ ጋሪ በሚጎትት ፈረስ አንገትና በጥቀርሻ በጠቆረ ድስት ላይ ሲገኝ፥ እግዚአብሔር የሚሻው ከመቅደስ ያነሰ ነገር ሳይሆን መቅደሱ ወደ ጓዳና ወደ ጎዳና መስፋቱን መሆኑን እንረዳለን።

ይህን እውነት በኑሮ ካሳዩት ሰዎች አንዱ በ17ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ገዳም ይኖር የነበረው ወንድም ሎውረንስ ነው። ሥራው በወጥ ቤት ነበረ፤ በተፈጥሮውም የወጥ ቤትን ሥራ የማይወድ ሰው ነበረ። ይሁን እንጂ ድስት ሲያነሣና ሲጥል ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገርን ስለ ለመደ፥ በጸሎት ሰዓትና በሥራ ሰዓት መካከል ልዩነት እስከማያገኝ ደረሰ። በኋለኛው ዘመኑም ጫማ ይጠግን ነበር። እርሱ ከሞተ ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ምስክርነቱ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

3ኛ/ በጓሮ፤ የቢላው ጉዳይ

የጉራጌ ቤት ያለ እንሰት አይታሰብም። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ይፈጃል፤ በዚህም ጊዜ ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ እየተነቀለ ይተከላል። ከደረሰ በኋላ ሴቶች ተሰብስበው ግንዱን በተጋደመ ሳንቃ ላይ ይፍቁታል። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ይቀበራል፤ ሲብላላም ቆጮ ይሆናል። ዛሬ ቆጮ የሚበላ ልጅ፥ አባቱ ከዓመታት በፊት የተከለውንና እናቱ ወገቧ እስኪቆረጥ የፋቀችውን ይበላል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሰሜኑን የአገራችንን ክፍል በከፋ ረኃብ በመታ ጊዜ፥ እንሰት ያለው አገር የተሻለ መቋቋሙ በብዙዎች ተመስክሯል። በጓሮ የቆመው ተክልና በጉድጓድ የተቀበረው ቆጮ እንደ ጎተራ ናቸውና።

ይህ ተክል ግን ጠላት አለው። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በአገራችን በሳይንስ ከታወቀ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚዛመትበት ዋነኛው መንገድ የታመመውን ተክል የቆረጠው ቢላ ነው። ባለቤቱ የታመመውን ቆርጦ፥ ቢላውን ሳያጸዳ ለጎረቤቱ ቢያውሰው፥ ከቢላው ጋር በሽታውን አውሶታል። መድኃኒት ተረጭቶ አይድንም። የሚጠቅመው የታመመውን ነቅሎ ማስወገድና ቢላውን በእሳት ማለፍ ነው።

ቢላን በእሳት ላይ ማሳለፍ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ማንም አያየውም፤ በጉባኤ ምስክርነት የሚቀርብበት ጉዳይም አይደለም። ነገር ግን ባልንጀራን እንደ ራስ የመውደድ ትእዛዝ በጓሮ ሲፈጸም መልኩ ይህ ነው። ቸኩለን ንጹሕ ያልሆነውን ቢላ ብንሰጥ፥ የዚያ ቤት የብዙ ዓመት ድካም በእጃችን ይጠፋል። ምሽት ላይ ስለ ጎረቤታችን የምንጸልየው ጸሎት በቀን ቢላውን ካላጠራነው ምን ይጠቅመዋል?

4ኛ/ በገበያ፤ የሚዛን ጉዳይ

ቡታጅራና አካባቢው፥ በተለይም ማረቆ፥ በበርበሬው የታወቀ ነው። የጉራጌ ክትፎም ያለ ንጥር ቅቤ ክትፎ አይባልም። ሁላችሁም እንደምታውቁት ግን በአገራችን ገበያ በርበሬ ላይ የሸክላ አፈር፥ ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚጨምር ነጋዴ አይጠፋም። ጣሳው በውስጥ ተጎርብጦ፥ ሚዛኑም ጥቂት ተነክቶ ይሰፍራል።

የእግዚአብሔር ቃል ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በከረጢት ሁለት ዓይነት የሚዛን ድንጋይ መያዝ ተከልክሏል (ዘዳ. 25፥13-15)። ነቢዩ አሞጽም ሰንበት መቼ ያልፋል እያሉ መስፈሪያውን ለማሳነስ የሚቸኩሉትን ገሥጿል (አሞ. 8፥4-6)። እነዚያ ሰዎች ሰንበትን ያከብሩ ነበር፤ ሱቃቸውን ዘግተው ይቀመጡ ነበር። ልባቸው ግን በመዝሙሩ መካከል በማግስቱ የሚያጎድሉትን መስፈሪያ ያሰላ ነበር።

አማኝ ነጋዴ በሱቁ ግድግዳ ላይ ጥቅስ መስቀሉ መልካም ነው። ከጥቅሱ በፊት ግን የሚነበበው ሚዛኑ ነው። በእነዚህ ከተሞች ኦርቶዶክሱ፥ ሙስሊሙ፥ ካቶሊኩና ወንጌላዊው በአንድ ገበያ ይገበያያሉ። ብዙዎች ወደ ጸሎት ቤታችን ገብተው ስብከታችንን አይሰሙም፤ በርበሬያችንን ግን ቤታቸው ወስደው ይቀምሱታል።

5ኛ/ በቡና ሰዓት፤ የምላስ ጉዳይ

ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል። አቦል፥ ቶና፥ በረካ እየተባለ እስከ ሦስተኛው ይጠጣል። የሦስተኛው ስም በረከት ማለት መሆኑን ልብ እንበል። ሆኖም በአቦል የተጀመረ ሐሜት በበረካው የሰው ትዳር አፍርሶ የሚነሣበት ቀን አለ።

በዘዳግም 6፥6-9 እግዚአብሔር ቃሉን የምንናገርበትን ጊዜ ሲያዝዝ የመቅደስን ሰዓት አላነሣም። በቤት ሲቀመጡ፥ በመንገድ ሲሄዱ፥ ሲተኙና ሲነሡ ነው ያለው። የቡና ሰዓት ከነዚህ አንዱ ነው። ይህን ስንል ግን በእያንዳንዱ ስኒ ላይ እንስበክ ማለታችን አይደለም። ያልመጣችው ጎረቤት ስሟ ሲነሣ "ታምማ ይሆን? ሄደን እንያት" የሚል አንድ ሰው በዚያ ከተገኘ፥ በረካው በእውነት በረካ ይሆናል።

6ኛ/ እኛ የተወቀስንበት ቀን

እስካሁን የጻፍነውን ለሌሎች ብቻ ብንናገር ግብዞች እንሆናለን። ስለዚህ በራሳችን አገልግሎት የደረሰውን ልንነግራችሁ ወደድን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቡታጅራ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ቀበሌ ስንዴና ዘይት ለማደል ሄደን ነበር። ሕዝቡ ከጧቱ በሁለት ሰዓት እንዲሰበሰብ ተነግሮት ነበርና ብዙዎች ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው መጡ። እኛም እንደ ልማዳችን በመጋዘኑ ውስጥ የጧት ጸሎት ጀመርን። መዝሙሩ ደስ የሚል ነበር፤ ቃሉም ተካፈለ፤ ስለ ድሆችም በእንባ ጸለይን። ለግማሽ ሰዓት የታሰበው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ወሰደ። በሩ ተዘግቶ ነበርና ፀሐዩ በውጭ በቆሙት ላይ መበርታቱን አላስተዋልንም።

በሩን ስንከፍት ከፊት ቆመው የነበሩ አንዲት እናት፥ ሙስሊም ናቸው፥ ያለ ቁጣ እንዲህ አሉን፦ "ልጆቼ፥ ጸሎታችሁ ደግ ነው፤ አላህ ይቀበላችሁ። ግን እኔ ጡት የሚጠባ የልጅ ልጅ ትቼ ነው የመጣሁት። ግማሻችሁ እየሰፈራችሁ ግማሻችሁ ብትጸልዩ ፈጣሪ ይቆጣል?"

የምንመልሰው አጣን። ከመካከላችን አንዱ "እናቴ፥ አጥፍተናል፤ ይቅር ይበሉን" አላቸው። በዚያን ቀን ሥራው ስለ ዘገየ፥ ከሩቅ የመጡ ሁለት እናቶች ተራቸው ሳይደርስ እንዳይመሽባቸው ፈርተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ነበር። ይህን ያወቅነው ማታ ስማቸውን ስንጠራ ነው። በማግስቱ ድርሻቸውን ተሸክመን ቤታቸው ድረስ ሄድን። አንደኛዋ ሲያዩን ሳቁና "እኔ ረሳችሁኝ ብዬ ነበር" አሉ። ይህ ቃል ከወቀሳ ይልቅ ወጋን። ስለ ድሆች ስናለቅስ፥ ድሆቹን ከደጅ ረስተናቸው ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ያደረግነው ለውጥ ጥቂት ነው። ጸሎቱን አልተውንም፤ ነገር ግን ሠራተኞቹ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተው ይጸልያሉ። በሁለት ሰዓት በሩ ይከፈታል። አቅመ ደካሞችና ሕፃን ያዘሉ አስቀድመው ይስተናገዳሉ፤ ጥላና ውሃ ይዘጋጃል። ሚዛኑም ሕዝቡ በሚያየው ቦታ በየጧቱ ይፈተሻል። ለካስ ሰዓት ማክበርም፥ ሚዛን መፈተሽም፥ ጥላ መዘርጋትም ጸሎት ሆኖ ይቆጠራል። ከኢሳይያስ 58 የተማርነውም ይኸው ነው፤ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ ነው ይላልና።

እንዴት እንጀምር?

ሁሉን በአንድ ቀን መለወጥ አይቻልም። ለመነሻ ያህል በሚቀጥለው ሳምንት የሚከተሉትን አራት ነገሮች ብንሞክር መልካም ነው።

ሀ/ ጧት ሥራ ከመጀመራችን በፊት፥ በእጃችን የምንይዘውን የመጀመሪያ ዕቃ፥ ድስትም ይሁን ሚዛን ወይም የመኪና መሪ፥ ይዘን "ጌታ ሆይ፥ ይህ ያንተ ነው" እንበል። አጭር ጸሎት ይበቃል።

ለ/ "እግዜር ይስጥህ" ብለን ከምናሰናብታቸው ሰዎች ቢያንስ አንዱን ቆመን ስሙን እንጠይቅ። ያለንን እንስጥ፤ ከሌለን ደግሞ ጊዜያችንን እንስጥ።

ሐ/ ማንም የማያየውን አንድ ሥራ ስለ ጎረቤታችን ስንል እናጥራው። ይህ ለእያንዳንዳችን "ቢላውን በእሳት ማለፍ" ይሁንልን።

መ/ ማታ ከመተኛታችን በፊት "ዛሬ ማንን በደጅ አቆምሁ?" ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። የምናስታውሰው ሰው ካለ፥ ለእግዚአብሔር ከመናዘዝ ጋር በማግስቱ ወደ ሰውየው እንሂድ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእቁብ ምሳሌ፥ ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው መክፈሉን ቢያቆም የሚጎዳው ማን ነው? ይህ በክርስቲያን ኑሮ ምን ይመስላል?

2. ዘካ. 14፥20-21ን አንብቡ። ነቢዩ ዛሬ በእናንተ ከተማ ቢኖር፥ ከፈረስ ቃጭልና ከድስት ሌላ ጽሕፈቱ በየትኛው የሥራ ዕቃችሁ ላይ ይታየው ይመስላችኋል?

3. በኅብረታችሁ ወይም በቤታችሁ ጸሎትና መንፈሳዊ ፕሮግራም ሰውን በደጅ ያስቆመበት ጊዜ ነበረን? ምን ቢደረግ ይሻል ነበር?

4. ጸሎትን መቀነስና ሥራን ማብዛት ብቻውን መፍትሔ ነውን? ለምን?

ማጠቃለያ

ውድ ወገኖቻችን፥ እናንተ በጸሎታችሁና በስጦታችሁ ከዚህ ሥራ ጋር ስትተባበሩ የምትሰጡት ከኪሳችሁ ተርፎ የተጣለ አይደለም። እቁቡ የደረሰው ሰው፥ ዕጣ ገና ላልደረሰው ወንድሙ ይዞ የሚመጣው የታመነ ክፍያ ነው። እኛም የተቀበልነውን በቀናው ሚዛንና በሰዓቱ እንድናደርስ ዋሳችን በፊታችሁ እግዚአብሔር ነው። ስንጎድል ንገሩን፤ ጸልዩልንም።

ጌታ ሆይ፥ በጉባኤ ያመሰገንህ አፋችን በገበያ እንዳይዋሽ ጠብቀን። ድስታችንና ሚዛናችን፥ ቢላችንና የቡና ስኒያችን ያንተ ይሁኑ። ስለ ድሆች ስንጸልይ፥ በደጅ የቆሙትን እንዳንረሳ ዐይናችንን ክፈት። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፥ አሜን።